ለእናቴ የሐበሻ ቻናል ብለን የቲቪ ላይሰንስ መክፈል አለብን?

ሶስና_ከሊድስ

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው፣ የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ። እዚህ ቤት ከገባን ሁለት ወር ሆነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣች እናቴ ነን። ከገባን ጀምሮ የማንም ስም የሌለበት፣ «ለቤቱ ነዋሪ» የሚል የቲቪ ላይሰንስ (እዚህ እንግሊዝ ቲቪ ለማየት በየዓመቱ የሚከፈለው) ደብዳቤ ይመጣል። ዛሬ ሦስተኛው ደረሰ። ይሄኛው ቀይ ጽሑፍ አለበት፣ ሰው ልንልክ እንችላለን ይላል።

ቲቪ አለን። ግን ከአንቴና ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፣ ገመዱም የለንም። ልጆቹ ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ ነው የሚያዩት። ባለቤቴ «ቢቢሲ አናይ፣ ምን አገባን፣ ጣይው» ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ቲቪ እቤትሽ ካለ መክፈል ግዴታሽ ነው» አለችኝ። ማንን ልመን? እናቴ ደብዳቤውን ፖሊስ የላከው መስሏታል። በር በተንኳኳ ቁጥር ከሶፋው ብድግ ብላ የቲቪውን ድምፅ ትቀንሳለች። እሱን ሳይ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

የፔካም_ልጅ

ሶስና፣ ባለቤትሽም ባልደረባሽም ልክ አይደሉም። ቲቪ መኖሩ ብቻውን አያስከፍልም። ሳሎንሽ ውስጥ ሦስት ቲቪ ደርድረሽ ለጌምና ለዲቪዲ ብቻ ብትጠቀሚባቸው ክፍያ የለም።

የሚያስከፍሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በየትኛውም ቻናል የሚተላለፍን ፕሮግራም በሚተላለፍበት ሰዓት ማየት ወይም መቅዳት ነው፣ ላይቭ የምንለው። ሁለተኛው ቢቢሲ አይፕሌየር ነው፣ ቢቢሲ ፕሮግራሞቹን በኢንተርኔት የሚያሳይበት አፕ። እሱ ላይ ላይቭም እዪ ያለፈ ፕሮግራም ያስከፍላል። እቤት ውስጥ ካሉት አንድ ሰው እንኳን ከነዚህ አንዱን ካደረገ ላይሰንስ ያስፈልጋል። በቲቪ፣ በስልክ፣ በታብሌት፣ በላፕቶፕ፣ ሁሉም ያው ነው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። እቤታችሁ ላይቭ የሚያይ ሰው አለ?

ዳዊት_77

ቢቢሲ ካልተከፈተ አያስፈልግም። ገንዘቡ የሚሄደው ለቢቢሲ ነው። ስምንት ዓመት እዚህ ስኖር አንድም ቀን አልከፈልኩም። የማየው አይቲቪና ስካይ ኒውስ ነው።

የፔካም_ልጅ

ዳዊት ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ይሄን አንብቦ እንዳይሳሳት ብዬ ነው የምመልስልህ። ገንዘቡ በአብዛኛው ለቢቢሲ መሄዱ እውነት ነው። ግዴታው ግን በቢቢሲ አያበቃም። አይቲቪን ላይቭ ስታይ ከነበረ መክፈል ነበረብህ። ስካይ ኒውስን ዩቲዩብ ላይ በላይቭ ብትከፍተውም እንደዚያው።

የአይቲቪን ወይም የቻናል 4ን ድራማ ካለፈ በኋላ በአፓቸው ብታይ ግን አይጠየቅም። ካለፈ በኋላ ስታየውም ላይሰንስ የሚያስፈልገው የአይፕሌየሩ ነው። ይሄ ሕግ የመጣው በሴፕቴምበር 2016 ነው። ከዚያ በፊት ያለፈውን በነፃ ማየት ይቻል ስለነበር ብዙ ሰው እስካሁን የድሮውን ነው የሚያወራው። ቅጣቱ ደግሞ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል፣ የክሱ ወጪ ሳይጨመር።

ሶስና_ከሊድስ

እግዜር ይስጥህ። አሁን ነው የገባኝ። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እናቴ ስትመጣ የባለቤቴ ወንድም አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ገዝቶ ቲቪው ላይ ሰካላት። በኢንተርኔት የአገር ቤት ቻናሎችን የምታሳይ ናት። ጠዋት ቡናዋን ስታፈላ ኢቢኤስ ትከፍታለች። ማታ ፋና ላይ ዜና ታያለች። ሪሞቱ ላይ የቱን እንደምትጫን እንዳይጠፋባት ልጄ ቁልፉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጥፎላታል።

እንግሊዝኛ አትሰማም። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እኛ ሥራ ነን። በዚህ ወቅት ደግሞ አስር ሰዓት ሳይሆን ይጨልማል፣ ብቻዋን የት ትወጣለች? ያቺ ሳጥን ናት የምታጫውታት። የሚተላለፈው ከውጭ ነው፣ በአማርኛ ነው፣ እዚህ አገር ካለ ጣቢያ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ይሄም ይቆጠራል?

ትርሲት_ለንደን

ይቆጠራል እህቴ። ቻናሉ ከየትም አገር ይምጣ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ላይቭ ካያችሁት ላይሰንስ ያስፈልጋል። በዲሽ ቢመጣም በኢንተርኔት ቢመጣም ለውጥ የለውም።

ሐበሻ ቤት ውስጥ በብዛት የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የስንቱ ቤት ሄጄ አይቻለሁ። ዲሹ በረንዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ሪሲቨሩ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ «እኛ የእንግሊዝ ቲቪ አናይም» ይላሉ፣ ከልባቸው ነው የሚሉት፣ ማንንም ሊያታልሉ አስበው አይደለም። ማንም በአማርኛ ቁጭ አድርጎ ስላላስረዳቸው ነው።

ልዩነቱ ግን አለ፣ እሱን ልንገርሽ። ኢቢኤስ ፕሮግራሞቹን ዩቲዩብ ላይ ይጭናል። እናትሽ ተላልፎ ያለቀውን፣ የተጫነውን ቪዲዮ ካየች ክፍያ የለም። ቴሌቪዥኑ ላይ በዚያው ሰዓት እየሄደ ያለውን ካየች ግን ላይቭ ነው። መሀል ላይ አቁማው ቡናዋን ቀድታ ተመልሳ ብትቀጥልም ያው ላይቭ ነው የሚባለው።

በነገራችን ላይ፣ ላይሰንስ መክፈላችሁ ሳጥኗን ሕጋዊ አያደርጋትም። የስካይን ቻናል ሳይከፈልበት የሚያሳዩ ሳጥኖች ይሸጣሉ፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ምን ምን እንደተጫነባት አንዴ እዪያት።

ዳግም_ብራይተን

ትርሲት፣ እኔም ልጠይቅ። እሁድ እሁድ የደብራችንን ቅዳሴ በዩቲዩብ ላይቭ እንከታተላለን፣ አንድ ዲያቆን በስልኩ ነው የሚያስተላልፈው። ዘመድ ሲያገባም ሰርጉን በፌስቡክ ላይቭ አይተናል። እሱም ያስከፍላል ማለት ነው?

ትርሲት_ለንደን

አይ፣ እሱ የቴሌቪዥን ቻናል አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ በራሱ ገጽ የሚለቀው፣ ሰው ከስልኩ የሚያስተላልፈው ሰርግ፣ የቲክቶክ ላይቭ፣ እነዚህን አትጨነቅባቸው። ቅዳሴው በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ እየተላለፈ አንተ ያንን ጣቢያ ከፍተህ ካየህ ግን ያስፈልጋል።

ናትናኤል_አርሰናል

ኳስ ያላችሁ ደግሞ ስሙ። በስካይ፣ በናው፣ በአማዞን ፕራይም ከፍላችሁ የምታዩት ጨዋታ ላይቭ ስለሆነ ላይሰንስ ይጠይቃል። ለካምፓኒው በወር የምትከፍሉት ለብቻ ነው፣ ላይሰንሱ ለብቻ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ነበር። ኔትፍሊክስም አሁን አልፎ አልፎ ላይቭ የሚያስተላልፋቸው ነገሮች አሉ፣ እነሱን ካያችሁ እንደዚሁ ነው። ፊልምና ተከታታይ ድራማው ነፃ ነው። ዋና ዋና ጎሎችን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ማየትም ነፃ ነው።

የሁለት_ልጆች_እናት

ሶስና፣ የእናትሽን ድምፅ መቀነስ ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ። በ2019 ነው፣ አዲስ ቤት እንደገባሁ። የምትረዳኝ ሰው አልነበረችም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ማስታወቂያ እየመሰለኝ በርበሬ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ትንሹን ልጄን ታቅፌ ገንፎ እያገነፋሁ በር ተንኳኳ። መታወቂያ ያሳየ ሰው ነው። ቲቪው ከኋላዬ ተከፍቷል፣ የጠዋት ፕሮግራም እየሄደ ነበር። «ቲቪ ታያለሽ?» ሲለኝ አዎ አልኩ። ብዙ ጠየቀኝ፣ ገሚሱ አልገባኝም፣ ገንፎው እያረረብኝ ነው፣ መጨረሻ ላይ ፈርሚ ሲለኝ ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደብዳቤ በስሜ ነበር። እኔ እሱንም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለካ ክስ ነው። በ21 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ነበረብኝ። ዝም ስላልኩ ዳኛው ያለ እኔ ወሰነ፣ የዚህ ዓይነት ክስ እንደዚያ በወረቀት ብቻ የሚያልቅበት አሠራር አለ። ቅጣቱና ወጪው ተደምሮ ሲመጣ ከአንድ ዓመት ላይሰንስ በላይ ሆነ። በየወሩ እየከፈልኩ ጨረስኩት። አላውቅም ነበር፣ ግን ላይቭ ሳይ ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ደብዳቤውን አለመክፈቴ ነው። እባካችሁ፣ በስማችሁ የመጣ ደብዳቤ ካልገባችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው በዚያው ቀን አሳዩ።

ትርሲት_ለንደን

አይዞሽ እህቴ፣ እንኳን አለፈልሽ። በዚህ ጉዳይ ከሚከሰሱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በቀን እቤት የምትገኘው፣ በር የምትከፍተው እናት ናትና።

ስለዚህ ሁሉም ይወቀው። በር ላይ የሚመጣው ሰው ፖሊስ አይደለም። የፍርድ ቤት ማዘዣ ካልያዘ በስተቀር ካልፈቀዳችሁለት እቤት መግባት አይችልም። በጨዋነት «አሁን አይመቸኝም» ብሎ በሩን መዝጋት መብት ነው። ያልገባችሁን ነገር አትፈርሙ። ውሸት ተናገሩ እያልኩ አይደለም፣ ላይቭ የምታዩ ከሆነ ላይሰንሱን ግዙና ተገላገሉ።

የማታዩ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ «ላይሰንስ አያስፈልገኝም» ብላችሁ መሙላት ትችላላችሁ። ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል ጋብ ይላል። ማስታወቅ ግዴታ አይደለም፣ ግን እንደ ሶስና እናት ለሚጨነቅ ሰው ጥሩ ነው።

ዳዊት_77

ያንን ቀደም ብዬ የጻፍኩትን አትከተሉት። ገብቼ አነበብኩ፣ እንዳላችሁት ነው። ስንት ነው አሁን? እንዴትስ ነው የሚከፈለው?

የፔካም_ልጅ

ጎበዝ ዳዊት። ከኤፕሪል 2025 እስከ ማርች 2026 በዓመት 174.50 ፓውንድ ነበር፣ የዛሬውን ድረ ገጹ ላይ እይ። ከዚያ በፊት 169.50 ነበር፣ በኤፕሪል በኤፕሪል ነው የሚነካኩት። በዳይሬክት ዴቢት፣ ማለትም ከባንክህ በራሱ እየተቆረጠ፣ በየወሩ ማድረግ ትችላለህ፣ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የመጀመሪያውን ዓመት በስድስት ወር ነው የሚያስከፍሉህ፣ በዚያ ዋጋ በወር ወደ 29 ፓውንድ ይመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግማሹ የሚወርደው። ብዙ ሰው ግማሹ ብቻ መስሎት ባንኩ ላይ እጥፉ ሲቆረጥ ይደነግጣል። እጅ ካጠራችሁ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከፋፍሎ መክፈል የሚቻልበት መንገድም አለ፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

ኢሜይል ተጠንቀቁ። «ክፍያህ አልተሳካም፣ እዚህ ተጫን» የሚል የሌባ ኢሜይል በብዛት ይዞራል። ሊንኩን ሳትነኩ ራሳችሁ ድረ ገጹን ጽፋችሁ ግቡ።

ሶስና_ከሊድስ

ሁላችሁም ተባረኩ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ለሽማግሌ ነፃ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ በእሷ ስም ማውጣት ይቻላል? ሁለተኛ፣ ላይኛው ክፍል አንድ ልጅ ተከራይቷል፣ ዮሐንስ እንበለው። ከቤቱ ባለቤት ጋር የራሱ ውል አለው። የእኛ ላይሰንስ እሱንም ይሸፍናል?

የፔካም_ልጅ

ነፃው ድሮ ከ75 ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ ነበር። ከኦገስት 2020 ወዲህ ግን ከነሱ ውስጥ ፔንሽን ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኛ መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ) ለሚያገኝ ብቻ ነው። እናትሽ በጉብኝት ቪዛ የመጣች ስለሆነች ያንን አታገኝም። እዚህ ወላጅ ያላችሁ ግን ይሄን አትለፉት። ብዙ አረጋዊ ፔንሽን ክሬዲት ሲገባው ሳያመለክት ይቀራል። ካገኘ በስሙ የወጣው ነፃ ላይሰንስ አብረውት የሚኖሩትን ሁሉ ይሸፍናል። ማየት የተሳነው ሰው ካለ ደግሞ በግማሽ ዋጋ ነው፣ ሐኪም ያረጋገጠበት ወረቀት ይጠየቃል።

ተከራዩን በተመለከተ የሚወስነው ውሉ ነው። ሁላችሁም በአንድ የጋራ ውል ላይ ብትፈርሙ ኖሮ አንድ ላይሰንስ ይበቃችሁ ነበር። እሱ ለክፍሉ የራሱ ውል ካለው፣ ክፍሉ ውስጥ ላይቭ ለማየት የራሱን ማውጣት አለበት። እናንተ ልታወጡለት አትገደዱም፣ በእሱም አትጠየቁም።

ቤቲ_ማንቸስተር

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያላችሁ፣ ይሄን እዩ። የወላጅ ቤት ላይሰንስ ካለው፣ ልጁ ዶርም ውስጥ በስልኩ ወይም በላፕቶፑ በባትሪ ብቻ ካየ ይሸፍነዋል። ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ሰክቶ እያየ ከሆነ ግን አይሸፍነውም። እውነቴን ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው። ታናሽ እህቴ ሰነፍ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ስለነበራት ነው ያወቅነው። እሷም በመጨረሻ ላይቭ ማየቱን ተወችው፣ የፈለገችውን ካለፈ በኋላ በአፕ ታያለች፣ አይፕሌየር ብቻ አትነካም።

መስፍን_ፍራንክፈርት

እናንተስ ምርጫ አላችሁ። እኛ ጀርመን ቲቪ ኖረህ አልኖረህ አይጠይቁህም። ከ2013 ጀምሮ በቤት ነው፣ በወር 18.36 ዩሮ። ሬዲዮ እንኳን ሳይኖርህ ትከፍላለህ። የመንግሥት ድጎማ ላይ ያለ ሰው ግን አመልክቶ ነፃ መሆን ይችላል። እዚህ አዲስ የሚመጡ ልጆች ይሄን ሳያመለክቱ ዕዳ ሲከመርባቸው አይቻለሁ። ጀርመን ያላችሁ ማመልከቻውን ዛሬ ነገ አትበሉ።

ዳግም_ብራይተን

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቢቢሲ አማርኛን በስልክ ማንበብስ? ሬዲዮስ?

ትርሲት_ለንደን

ሁለቱም ነፃ ናቸው። ለሬዲዮ ይከፈል የነበረው ላይሰንስ በ1971 ቀርቷል። ድረ ገጽ ማንበብም አይጠየቅበትም።

ሌላው ቀርቶ፣ ገንዘቡ የት ይሄዳል ለምትሉ፣ የቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ ከ2014 ጀምሮ ዋናው ወጪው የሚሸፈነው ከዚሁ ክፍያ ነው። የአማርኛው፣ የአፋን ኦሮሞውና የትግርኛው ክፍል በ2017 ሲከፈቱ መንግሥት ተጨማሪ ገንዘብ ሰጥቶ ነው። እኔ በበኩሌ አገር ቤት ያለው ወንድሜ ዜና ከዚያ ስለሚያነብ፣ ስከፍል ብዙም አይከፋኝም። ክፍያው ለደሃውም ለሀብታሙም እኩል መሆኑ ግን ልክ አይመስለኝም። በሰዓት ደሞዝ የሚያድር ሰውና ባለ ቪላው አንድ ዓይነት ሲከፍሉ አይከብድም?

ሶስና_ከሊድስ

ትላንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። መጀመሪያ ያሰብነው ሳጥኗን ነቅለን እናቴን የተጫኑ ቪዲዮዎች ብቻ እንድታይ ማድረግ ነበር። ሞከርነው። ዩቲዩብ ከፈትንላት። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል፣ የማታውቀው ነገር ይመጣባታል፣ ሪሞቱን ይዛ ትጣራለች። ዜናው ደግሞ የትላንት ነው። «ይሄ አልፎበታል እኮ» አለችኝ። ለእሷ ዜና ማለት እህቶቿ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው በዚያው ሰዓት የሚያዩት ነው፣ ሲያልቅ ትደውልላቸውና ስለሱ ያወራሉ። እሱን ልነጥቃት አልቻልኩም። ባለቤቴም ቅዳሜ ኳሱን በስልኩ ላይቭ እንደሚያይ አመነ። ስለዚህ ገዛነው፣ በዳይሬክት ዴቢት።

እናቴ ስትሄድ፣ እኛ ላይቭ የማናይ ከሆነ አቋርጠን የቀሩትን ወራት ማስመለስ ይቻላል?

የፔካም_ልጅ

ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ያልተጠቀማችሁባቸውን ወራት ማስመለስ ትጠይቃላችሁ፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳሱም መቆም አለበት። ቤት ከቀየራችሁም አድራሻውን ራሳችሁ ካላስለወጣችሁ በራሱ አይከተላችሁም።

ሶስና_ከሊድስ

እሺ። ደብዳቤውን ለእናቴ በአማርኛ አነበብኩላት፣ ከፈልን ብዬ የስልኬን ስክሪን አሳየኋት። አሁን ይሄን ስጽፍ ሳሎን ናት፣ ፋና ተከፍቷል፣ ድምፁ እስከ ማድ ቤት ይሰማል። ዮሐንስንም ነገርኩት፣ እሱ ላይቭ እንደማያይ ነግሮኛል፣ «አያስፈልገኝም» የሚለውን አብረን ሞላን።

የሁለት_ልጆች_እናት

ተመስገን። ሶስና፣ የእሱን ስትሞሉ የክፍሉን ቁጥር ለይታችሁ አስገብታችኋል? አድራሻው ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ደብዳቤው እንደገና ሊመጣ ይችላል፣ አንዴ ገብታችሁ እዩት።